ቢዝነስ ክላስ የነጋዴ ወንበር ነው፤ ሒሳቡ ግን በደብተር ይሠራ



ባለፈው ጉዞአችን ሀርጌሳ ኢጋል አየር ማረፊያ ላይ ያጋጠመንን ሳንጽፈው ማለፍ አልቻልንም። ወደ ጓንዡ የምንሄድ አምስት ሴቶች ነበርን። እንደ ልማዳችን ሻንጣችንን ሚዛን ላይ አውጥተን፣ አውርደን፣ ከአንዱ ወደ አንዱ አሸጋግረን ረጅሙ ሰልፍ ላይ ቆመናል። ከአምስታችን አንዷ፣ በዕድሜም በሥራም ታላቃችን የሆነችው፣ በእጇ የያዘችው ትኬት የቢዝነስ ክላስ ነበር። የእሷ ሰልፍ አጠገባችን ነው፤ ሰው የለበትም። እሷ ግን ከኋላችን ተደብቃ ከእኛ ጋር ተሰለፈች።

ሠራተኛው ትኬቷን አየና «ሆዮ፣ የእርስዎ ሰልፍ እኮ ወዲያ ነው» አላት። ነጠላዋን ወደ ፊቷ ሳብ አድርጋ «እዚሁ ይሻለኛል ልጄ» አለችው። ምክንያቱን እኛ እናውቃለን። ከኋላችን ሦስት ሰው አልፎ የቆመው ሰውዬ በዱቤ ዕቃ የሚሰጣት የጅምላ ነጋዴ ነው። ፊት ወንበር ላይ ስትቀመጥ ካያት በነጋታው ሱቋ መጥቶ «ገንዘብ አለሽ ማለት ነው፣ ቀሪውን አሁን ክፈይኝ» ይላታል ብላ ፈርታለች።

ይህች ሴት ከሃያ ዓመት በላይ ነግዳለች። ልጆች አስተምራለች። ለሁላችንም መንገዱን ያሳየችን እሷ ናት። ያንን ወንበር የገዛችውም ለጌጥ አልነበረም፤ ለእግሯ ነበር። እንደ ሰረቀ ሰው ስትደበቅ ማየት አንጀታችንን በላው። ዛሬ የምንጽፈው ስለዚህ ነው።

ነገሩ የጀመረው በእግር ነው

ከዚያ ጉዞ በፊት በነበረው ጉዞ ታላቃችን የተቀመጠችው ከኋላ፣ ከሦስት ወንበር መካከለኛው ላይ ነበር። በየትኛው አየር መንገድ እንደነበረ እዚህ አያስፈልግም፤ የኋላ ወንበር ሁሉም ጋ ያው ነው፤ ከፊት ወንበርዎ እስከ እርስዎ ወንበር ያለው ርቀት በአብዛኛው አውሮፕላን 80 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው። በመስኮት በኩል የተኛ ሰው አለ፣ በመተላለፊያው በኩልም የተኛ ሰው አለ። እሷ ሰው መቀስቀስ አትወድም። ሽንት ቤት ላለመሄድ ውሃ አልጠጣችም። ከመቀመጫው ሥር ናሙና የሞላበት ቦርሳ ስላስቀመጠች እግሯን የምትዘረጋበት ቦታ አልነበራትም። አሥር ሰዓት ያህል እንደዚያ ተቀመጠች።

ሀርጌሳ ደርሳ ከአውሮፕላኑ ደረጃ ስትወርድ አንድ እግሯ ጫማዋን ሞልቶት ነበር። «ጫማው ጠቦኝ ነው» አለች። በሁለተኛው ቀን ባቷ አብጦ፣ ሞቆ፣ መርገጥ አቃታት። ሐኪም ቤት ስንወስዳት የእግሯ ደም ረግቷል ተባለ። ደም ማቅጠኛ መድኃኒት ለሦስት ወር ወሰደች። ሐኪሙ የረጋው ደም ከእግር ተነሥቶ ወደ ሳንባ ቢሄድ ሕይወቷ ሊያልፍ ይችል እንደነበር ሲነግራት፣ የመጀመሪያ ጥያቄዋ «ታዲያ ኮንቴነሩን ማን ያስወጣልኛል?» ነበር። ነጋዴ እንዲህ ነው።

ይህ የእሷ ዕድል ብቻ እንዳይመስላችሁ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2007 ይፋ ያደረገው ጥናት እንደሚለው፣ 4 ሰዓትና ከዚያ በላይ ሳይንቀሳቀሱ ተቀምጦ መጓዝ የደም መርጋትን ዕድል በእጥፍ ገደማ ይጨምራል። መጠኑ ሲታይ ብዙ አይደለም፤ ከ6,000 ተጓዥ አንድ ሰው ያህል ነው። ነገር ግን ጥናቱ ሁለት ነገር ጨምሮ ይናገራል። አንደኛ፣ ዕድሉ ከፍ ብሎ የሚቆየው ለአራት ሳምንት ያህል ነው፤ በዚያ ጊዜ ውስጥ ደጋግሞ የሚበር ሰው ደግሞ የበለጠ ይጋለጣል። ሄዶ በአሥር ቀን የሚመለሰው ማነው? እኛ ነን። ሁለተኛ፣ ወፍራም ሰው፣ በጣም ረጅም ወይም በጣም አጭር ሰው፣ የወሊድ መቆጣጠሪያ ክኒን የምትወስድ ሴት የበለጠ ይጠንቀቁ ይላል። ይህን ስናነብ እርስ በርሳችን ተያየን። ከአምስታችን አራታችን ቢያንስ በአንዱ እንገባለን።

እውነቱን ለመናገር፣ ጥናቱ ቢዝነስ ክላስ መድኃኒት ነው አይልም። ፊት ወንበር ላይም ሳይንቀሳቀሱ ከተኙ ደም ሊረጋ ይችላል። ከጅግጅጋ አዲስ አበባ በአውቶቡስ የሚሄድም ሰው ከዚህ ነፃ አይደለም። ጉዳቱ የሚመጣው ተጣጥፎ ከመቀመጥ ነው። ፊት ወንበር የሚሰጠው እግር ለመዘርጋት፣ ጎረቤት ሳይቀሰቅሱ ለመነሣት፣ ጋደም ለማለት የሚያስችል ቦታ ነው። ለታላቃችን ያ ቦታ የግድ ሆነ።

ይህ ወንበር የተሠራው ለማን ነው?

«ለሀብታም ነው» የሚሉን ብዙ ናቸው። እስቲ ስሙን እንመልከተው። ቢዝነስ ማለት ንግድ፣ ሥራ ማለት ነው። ይህ ማዕረግ የመጣው እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጨረሻ ነው። ያኔ ለሽርሽር የሚሄደው ሰው ቀድሞ ገዝቶ በቅናሽ ሲበር፣ ለሥራ የሚሄደው ሰው በድንገት ተነሥቶ ሙሉ ዋጋ ከፍሎ እዚያው መካከል ይቀመጥ ነበር። «እኛ ሙሉ ከፍለን ለምን ሥራችንን ሠርተን፣ አርፈን አንሄድም?» ብለው ሲያማርሩ አየር መንገዶቹ ለእነሱ የተለየ ቦታ ከለሉ። ጠፍጣፋ አልጋ የሚሆነው ወንበር ቢዝነስ ክላስ ውስጥ የገባው ደግሞ ቆይቶ፣ እ.ኤ.አ. በ2000 ነው። ለንጉሥና ለሚኒስትር የታሰበው ፈርስት ክላስ ነበር፤ ቢዝነስ ክላስ ግን ከመነሻውም የታሰበው ሥራው መንገድ ላይ ለሆነ ሰው ነው።

በእኛም አገር ነገሩ ከዕቃ ጋር ነው የጀመረው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በ1938 ዓ.ም. ወደ ካይሮ መብረር ሲጀምር የነበሩት አውሮፕላኖች ከጦርነቱ የተረፉ ሲ-47 ነበሩ። መንገደኛው ግራና ቀኝ በጎን በተደረደረ አግዳሚ ላይ ይቀመጣል፣ ዕቃው መካከል ላይ ይታሰራል። ሁሉም ሰው ከጭነቱ ጋር ፊት ለፊት ተያይቶ ይበር ነበር ማለት ነው። በ1965 ዓ.ም. ያው አየር መንገድ ቻይና ደረሰ፤ ያኔ እኛ ገና አልተወለድንም። ነሐሴ 2004 ዓ.ም. የመጀመሪያው ድሪምላይነር ሲመጣ ፊት ለፊቱ 24 የቢዝነስ ወንበሮች ነበሩት። እነዚያን ወንበሮች የሚሞላው ማነው? የመንግሥት ሰው አለ፣ የድርጅት ሰው አለ፣ ከውጭ የሚመጣ እንግዳ አለ። በገዛ ገንዘቧ የምትነግደው ሴት ግን እዚያ መቀመጥ ያሳፍራታል። ስሙ የእሷ ሆኖ!

የምናፍረው ለምን ይሆን? እንደሚመስለን ሁለት ነገር ነው። አንዱ የዘመድ ዓይን ነው። «ለእናትሽ ቤት ጣሪያ ሳትቀይሪ ፊት ወንበር ትቀመጫለሽ?» ይባላል። ለልጅ ሠርግ ድንኳን ስንተክል፣ ለተዝካር በሬ ስንጥል የሚጠይቀን የለም። ለገዛ ወገባችን ስናወጣ ግን ሁሉም ሒሳብ አዋቂ ይሆናል። ሁለተኛው የገበያ ዓይን ነው። አበዳሪ ያየናል፣ ደንበኛ ያየናል። «ፊት የምትበሪ ሴት በዚህ ዋጋ ትከራከሪኛለሽ?» የምትል ደንበኛ አጋጥማናለች። ይህ ፍርሃት ባዶ አይደለም። ንግዳችን በእምነትና በዱቤ የቆመ ስለሆነ ታይታ ዋጋ አለው፤ ሲያነሣም ሲጥልም አይተናል።

ስለ ታይታ ካነሣን ሌላውንም እንናገር። ከምናውቃቸው ልጆች አንዷ በብድር ገንዘብ ደርሶ መልስ ፊት ወንበር ገዝታ ሄደች። ከተቀመጠችበት ጀምሮ ፎቶ ነው፤ ብርጭቆው፣ ብርድ ልብሱ፣ የተዘረጋው እግሯ። ሀርጌሳም ጅግጅጋም አየው። ዕቃው ሲመጣ ትርፉ ለወንበሩ እንኳን አልበቃም። አበዳሪዎቿ ፎቶውን ቆጥረው ይዘው መጡ። ይህችን ልጅ ለመውቀስ አይደለም የምናነሣት፤ እህታችን ናት። ግን ያ ወንበር ለእሷ የንግድ ወጪ አልነበረም፤ የሠርግ ልብስ ነበር።

ሒሳቡን በግልጽ እንሥራው

ከመካከላችን ኮሜርስ የተማርን አለን። እዚያ ካስተማሩን ነገሮች አንዱ የእርጅና ቅናሽ ነው። መኪና ሲገዛ በየዓመቱ እያረጀ ስለሚሄድ ከዋጋው እየተቀነሰ በወጪ ይያዛል። ለመኪናችን፣ ለሱቃችን መደርደሪያ፣ ለማቀዝቀዣችን ይህን እንሠራለን። ለወገባችንና ለጉልበታችን የእርጅና ቅናሽ የያዘች ነጋዴ ግን እስካሁን አላየንም። ሱቁን የሚያንቀሳቅሰው ትልቁ ንብረት እሱ ሆኖ ሳለ በደብተሩ ላይ የለም።

እንግዲህ እንቁጠር። ከሀርጌሳ በቀጥታ ጓንዡ የሚያደርስ አውሮፕላን የለም። አዲስ አበባ ወይም ዱባይ ላይ መቀየር አለብን። ከሀርጌሳ አዲስ አበባ ያለው መንገድ ከአንድ ሰዓት ብዙም አይበልጥም፤ ለዚያ ፊት ወንበር መግዛት ገንዘብ መጣል ነው። ሒሳብ የሚገባው ከቦሌ ጓንዡ ያለው ነው። ያለ ማረፊያ አሥር ሰዓት ያህል ይበራል። በአብዛኛው ወደ እኩለ ሌሊት ገደማ ይነሣና፣ ቻይና ከእኛ በአምስት ሰዓት ስለምትቀድም፣ በነጋታው ከሰዓት በኋላ ያደርሳል። ሌሊቱ የት ገባ? በአየር ላይ አለቀ። የተኛ ሰው ሲደርስ ገበያ ሊወጣ ይችላል። ያልተኛ ሰው ያንን ቀንና ተከታዩን በድካም ያሳልፋል።

የድካም ዋጋ ስንት ነው? እኛ ከፍለን እናውቀዋለን። አንድ ጊዜ ሳንተኛ ደርሰን፣ ጊዜ አጠረን ብለን በዚያው ምሽት የሴት ጫማ አዘዝን። ሻጩ የካርቶኑን ቁጥር አሳየን፤ ከ35 እስከ 39። እኛ «እሺ» ብለን ፈረምን። የእኛ ደንበኞች ከ38 እስከ 42 የሚያደርጉ ሴቶች ናቸው! ይህን የማያውቅ ነጋዴ ሀርጌሳ ውስጥ የለም፤ እኛም እናውቃለን፤ ግን ዓይናችን አላነበበም። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ እኛ መልቀሙም አልቻልንም። ከአርባው ካርቶን የሚበልጠውን በኪሳራ ለሌላ ከተማ ሸጥነው።

አሁን የወንበሩን ዋጋ እናስገባ። ዋጋው በየወሩ ስለሚለያይ ለስሌቱ ያህል የአንድ መንገድ ልዩነቱ 1,000 ዶላር ነው እንበል። አንዲት ሴት 8,000 ዶላር ይዛ ብትሄድና 15 በመቶ ብታተርፍ ትርፏ 1,200 ዶላር ነው። ወንበሩ ትርፉን ይበላዋል። ለእሷ መልሱ አጭር ነው፤ አትግዢ። ሌላዋ የራሷንና የሦስት እህቶቿን አደራ ጨምራ 60,000 ዶላር ይዛ ብትሄድ፣ በመቶ ሁለት እጅ ስህተት ብትሠራ 1,200 ዶላር ከሰረች ማለት ነው። ለእሷ ያ ሌሊት መተኛት የወንበሩን ዋጋ ሊመልስ ይችላል። የጥያቄው መልስ እንግዲህ «ሀብታም ነሽ ወይ?» ሳይሆን «የያዝሽው አደራ ስንት ነው? የሚጠብቅሽ ሥራ ምንድን ነው?» ነው።

በዚህ ሒሳብ ሌላም ነገር ይታያል። ሥራው ያለው ስንሄድ ነው። ስንመለስ የሚጠብቀን የራሳችን አልጋ ነው። ሁልጊዜ ደርሶ መልስ ፊት መግዛት የለብንም። ሲሄዱ ፊት፣ ሲመለሱ ኋላ አድርጎ መግዛት እንደሚቻል ትኬት ቢሮ ስትሄዱ ጠይቁ፤ ካልጠየቃችሁ አይነግሯችሁም። ለጤናዋ የምትገዛ ሴት ግን ይህ አይመለከታትም። እግር ሲሄድም ሲመለስም ያው እግር ነው።

ከመግዛታችሁ በፊት የሚጠየቁ ነገሮች

ያየነውንና የተማርነውን እናካፍላችሁ።

አንደኛ፣ የፊት ወንበር ሁሉ አልጋ አይሆንም። አንዳንዱ አውሮፕላን ላይ ሙሉ በሙሉ ይዘረጋል፤ አንዳንዱ ላይ አጋድሞ ይቀራል፣ ሌሊቱን ሙሉ ወደ ታች ሲያንሸራትት ያድራል። ዋጋው ግን ያው ሊሆን ይችላል። የሚበረው አውሮፕላን ዓይነት ምን እንደሆነና ወንበሩ ጠፍጣፋ ይሆን እንደሆነ ጠይቁ።

ሁለተኛ፣ «ቀጥታ» እና «ያለ ማረፊያ» አንድ አይደሉም። አሜሪካ ልጆች ያሏችሁ ይህን ታውቁታላችሁ። ቦሌ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ነው። አየሩ ስስ ስለሆነ ሙሉ ሰውና ሙሉ ነዳጅ የያዘ አውሮፕላን ለመነሣት ይከብደዋል። ስለዚህ ወደ ዋሽንግተን ሲሄድ ለዓመታት መንገድ ላይ አርፎ ነዳጅ ሲሞላ ኖሯል፤ አንዳንዴ ሮም፣ አንዳንዴ ዱብሊን። ሲመለስ ግን ከዋሽንግተን ዝቅታ ላይ ተነሥቶ ሳያርፍ አዲስ አበባ ይገባል። የልጅ ልጅ ልታይ የምትሄድ እናት ካለች የትኛው መንገድ የበለጠ እንደሚያደክማት ቀድሞ ማወቅ ነው።

ሦስተኛ፣ ሻንጣ። በብዙ አየር መንገዶች የኋላው መንገደኛ አንድ ሻንጣ 23 ኪሎ፣ የፊቱ መንገደኛ 32 ኪሎ ነው። ሁለት ሁለት ሻንጣ ቢሆን ልዩነቱ 18 ኪሎ ነው። ናሙናና ቀላል ግን ውድ ዕቃ ይዛ ለምትመለስ ሴት ይህ ገንዘብ ነው። ብቻ ትኬታችሁ ላይ የተጻፈውን አንብቡ፤ የሰው ወሬ ይዛችሁ ሚዛን ላይ አትቁሙ።

አራተኛ፣ የቦሌው ጥበቃ። ከሀርጌሳ ቀን ደርሰን የእኩለ ሌሊቱን አውሮፕላን ስንጠብቅ ብዙ ሰዓት አለ። የቢዝነስ ትኬት ያላት ሴት ላውንጅ ገብታ በልታ፣ ቡናዋን ጠጥታ፣ ጀርባዋን ታሳርፋለች። ይህ ራሱ ግማሽ ሌሊት ነው። የኋላ ትኬት ያለን ደግሞ ጥበቃው ረጅም ሲሆን አየር መንገዱ ሆቴል ይሰጥ እንደሆነ ትኬቱን ስንገዛ መጠየቅ አለብን። ወለል ላይ ሻንጣ ተንተርሰን ያደርንባቸው ጊዜያት ሳይጠይቁ የመቅረት ውጤት ናቸው።

አምስተኛ፣ ማይል። ስንቶቻችን በዓመት ሦስት አራት ጊዜ በርረን የማይል ቁጥር የለንም? ሸባማይልስ ላይ መመዝገብ ገንዘብ አያስከፍልም። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ከታኅሣሥ 2004 ዓ.ም. ጀምሮ የስታር አሊያንስ አባል ስለሆነ በሌሎቹ አባላት ስትበሩም ሊቆጠርላችሁ ይችላል። የተጠራቀመው ማይል ከኋላ ወደ ፊት ለመቀየር ያገለግላል። ትኬት ቢሮው ቁጥራችሁን ካላስገባ ግን ይጠፋል። የራሳችንን ገንዘብ ጥለን ስናልፍ ኖረናል።

ስድስተኛ፣ የጓንዡ የካንቶን ትርኢት የሚከፈተው በዓመት ሁለት ጊዜ፣ በሚያዝያና በጥቅምት ፈረንጆች አቆጣጠር አጋማሽ ላይ ነው። በዚያ ሰሞን ዓለም ሁሉ ወደዚያ ስለሚሄድ ወንበር ይወደዳል፣ ሆቴልም ይወደዳል። ትርኢቱን ማየት የማያስፈልገው ሥራ ያላችሁ ቀናችሁን አሸሹ።

ኋላ ለምንቀመጠውም

ብዙዎቻችን ነገም ኋላ ነው የምንቀመጠው፤ ይህም ነውር የለውም። የመተላለፊያ ዳር ወንበር ቀድማችሁ ምረጡ። ከእግራችሁ ሥር ቦርሳ አታስቀምጡ፤ ይህ የእኛ የነጋዴዎች ትልቁ ስህተት ነው። በየሰዓቱ ወይም በየሁለት ሰዓቱ ተነሥታችሁ ተራመዱ፤ ስትቀመጡም ቁርጭምጭሚታችሁን አንቀሳቅሱ። ውሃ ጠጡ። ጎረቤታችሁን ቀስቅሱት፤ ይቅርታ ይባላል፣ ይታለፋል። እግሯ የሚያብጥባት፣ ክኒን የምትወስድ፣ ቀዶ ሕክምና ያደረገች ካለች ከጉዞ በፊት ሐኪም ታማክር፤ እግር የሚያጠብቅ ካልሲም ያዝዙላት ይሆናል። አንድ ባት ብቻ አብጦ ቢያም፣ ትንፋሽ ቢያጥር፣ ደረት ቢወጋ «ጫማ ነው» አትበሉ፤ በዚያው ሰዓት ሐኪም ቤት ሂዱ።

እኛ ምን አደረግን?

ታላቃችን መድኃኒቷን ጨርሳ ሐኪሙ ጉዞ ሲፈቅድላት ልጇ «እናቴ፣ ከዚህ በኋላ በስልክ እዘዢ» አላት። በስልክ አዝዘን የተቃጠልን ሁላችን ነን፤ ጨርቁ በፎቶ ሐር፣ ሲመጣ ላስቲክ። እሷም «ጨርቅ በእጅ ነው የሚገዛ» አለች። የፊት ወንበር ይግዛላት ስንል መካከላችን ክርክር ተነሣ። አንዷ «እሷ ፊት ስትተኛ እኔ ኋላ ስቃጠል በምን ሒሳብ?» አለች። ፊት ለፊት ተነጋገርንበት እንጂ አላኮረፍንም። ያች ሴትም ልክ ነበረች፤ ገንዘቡ የሁላችን ነውና።

በመጨረሻ ከዕቁባችን ለየት አድርገን «የመንገድ» የሚል አነስተኛ መዋጮ ጀመርን። ሕጉ ሦስት መስመር ነው። ለሕመም የሚያስፈልጋት ትቀድማለች። ቀጥሎ የሌሎችን አደራ ይዛ የምትሄደው፣ ስትሄድ ብቻ። በብድር ገንዘብ ወይም ለታይታ ለሚገዛ ከዚህ ሣጥን ሳንቲም አይወጣም። ለታላቃችን የመሄጃውን ልዩነት መዋጮው ቻለ፤ የመመለሻውን ራሷ ከፈለች። ወጪውንም በደብተራችን ላይ ከጉምሩክና ከኮንቴነር ኪራይ ቀጥሎ «ወንበር» ብለን ጻፍነው። ተጽፎ ሲታይ የሚያሳፍር ነገር አልሆነም፤ እንደ ማንኛውም ወጪ ቁጥር ሆነ።

የምንለው ይህን ነው። ወንበሩን የሚያሳፍረው ወይም የሚያኮራው አለመቆጠሩ ነው። ያልተቆጠረ ወንበር ለአንዷ ክብር ይመስላታል፣ ለሌላዋ ኃጢአት ይመስላታል። የተቆጠረ ወንበር ግን የሥራ ዕቃ ነው፤ እንደ ሚዛን፣ እንደ ስልክ። ሚዛን ገዛሽ ብሎ የሚያፍርብሽ የለም።

ወደዚያ ቀን እንመለስ። ሠራተኛው «ወዲያ ነው» ብሎ ሲያሳያት፣ ታላቃችንም እንቢ ስትል፣ ያቺው የተከራከረችው እህታችን እጇን ያዘቻት። «እትዬ፣ ይሄ ወንበር እኮ የእኔም ገንዘብ አለበት። ቆመሽ እንዲባክን አልፈቅድም» አለቻት። ወደ አጭሩ ሰልፍ ወሰደቻት። የጅምላ ነጋዴው አየን። ታላቃችን ዞር አለችና ቀድማ ሰላምታ ሰጠችው፤ «እግሬን አሞኝ ነው ወንድሜ፤ የአንተ ቀን እንደሆነ አልተለወጠም፣ በቀጠሮው ትወስዳለህ» አለችው። ሰውየው «አላህ ይማርሽ አባዮ» አለ።

በቀጠሮው ቀን መጣ፤ ወሰደ። አንድ ቀን አልቀደመም። ሁሉም አበዳሪ እንደ እሱ ይሆናል አንልም። እኛ ግን በሚቀጥለው ጉዞ ማንም እህታችን ኢጋል ላይ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ስትስብ ማየት አንፈልግም። የእናንተ ዕቁብስ ለመንገድ ምን መድቧል? ዋጃሌ ገበያ ላይ ወይም ኢጋል ሰልፍ ላይ ስንገናኝ ንገሩን፤ ከእናንተም እንማራለን።

መልካም ጉዞ፤ መልካም ገበያ።